ወይዘሮ በለጡ ወልደ ማርያም እና ያልተከፈተው ሆቴል አሳንሰር

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከጭልጋም ከመተማም ከበለሳም ተሰዳችሁ እዚህ ገዳሪፍ ያላችሁ ወገኖች፣ እንዲሁም ዛሬ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የከተማው ጎረቤቶች፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ወይዘሮ በለጡን ወደ ማረፊያቸው ከመሸኘታችን በፊት ማን እንደነበሩ ጥቂት እንድትሰሙልን ቤተ ሰቡ ይለምናል። እሳቸው ረጅም ንግግር ሲሰሙ ቶሎ ይሰለቹ ነበር፤ ዛሬ ግን ሊያቋርጡን አይችሉምና ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ወይዘሮ በለጡ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ማርያም አየነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮከብ ተገኘ በ1927 ዓ.ም. በጭልጋ ተወለዱ። ፊደል ያስቆጠሯቸው አባታቸው ሲሆኑ፣ ከወንድሞቻቸው እኩል ተቀምጠው ዳዊት እስከ መድገም ደርሰዋል። መስመር ዘሎ የሚያነብን ሰው ታግሶ ማለፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለማይሆንላቸው፣ በዚያ ቤት ከንባቡ ይልቅ የወንድምና የእህት ጠብ ይሰማ እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ከአቶ ደመቀ ታምሬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወደ መተማ ወረዱ። አቶ ደመቀ ሰሊጥ እየገዙ ይነግዱ ነበር፤ ወይዘሮ በለጡም በጓሮ ከሚዋሰኗቸው ከነጋዴ ሚስት ከወይዘሮ ሰዓዲያ ዓረብኛ፣ ለአጨዳ ከሚመጡት ሠራተኞችም ትግርኛ ተማሩ። በዚያው በመተማ እናኑንና ወርቅውሃን ወለዱ። በኋላም ጦርነቱ ከተማዋን ሲያምሳት፣ ከሰዓዲያ ቤተ ሰብ ጋር አንድ መኪና ላይ ተሳፍረው ድንበሩን ተሻገሩና እዚህ ገዳሪፍ ከእህል ገበያው አጠገብ ጎጆ ቀለሱ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወገናችንን ከቀዬው ነቅሎ በእግሩ ሲያሰድደው፣ ድንበሩን ተሻግሮ በወድ ኤል ሒለው በኩል የገባው ሕዝብ የዚያን ስፍራ የስደተኞች መጠለያ አጥለቀለቀው፤ ከሕፃናቱም እጅግ የደከሙት በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ይመጡ ጀመር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለሕክምናቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተከራየ። የሕንፃው ባለቤት ሆቴል ሊያደርገው አስቦ አሳንሰር አስገብቶለት ነበር፤ ሆቴሉ ግን ሳይከፈት ቀርቷል። የሕፃናቱ ክፍል ነፋስ ያገኛል፣ ዝንብም አይበዛበትም ተብሎ ከሁሉ በላይ አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደረግ፣ ምድር ቤቱ ያልተከፈተው ሆቴል ወንበርና ጠረጴዛ እንደተቆለፈበት ቀረ። ወይዘሮ በለጡ በአስተርጓሚነት በተቀጠሩበት በመጀመሪያው ቀን የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ የታመመ ልጅ ከላይ፣ ወንበር ከታች የሆነበትን ምክንያት። ሁላችንም ሙዲር የምንላቸውና ዛሬም ከመካከላችን ያሉት የሕንፃው ኃላፊ አቶ ያዕቁብ፣ «ማሌሽ፣ ውሉ እንደዚያ ነው» አሏቸው። በዚያ ዓመት ይህ «ምን ይደረጋል» ማለት የሆነው ማሌሽ ስንት ጊዜ እንደተባለ የሚያውቅ የለም።

እናቶቹ አሳንሰሩን ሣጥኑ ይሉት ነበር። ከታች ሆነው ተራቸውን ሲጠብቁ የሚያዩት ልጅ በሕይወቱ ሲገባበት፣ በሩ ሲዘጋ፣ አድሮም ያው በር ሲከፈት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲወጣ ነው። ልጆቹን የገደለው ረሃቡና ዘግይቶ መድረሱ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ፣ ይህን እያየ ልጁን አቅፎ ልግባ ቢል እግሩ አይታዘዘውም። ከእናቶቹ ብዙዎቹ ደረጃውን ለመውጣት አቅም የላቸውም፤ ወደ አሳንሰሩም አንገባም ይላሉ፤ እንዲህ እየሆነ ሐኪም ከላይ፣ ሕመምተኛ ከታች ሆኖ ይውላል።

ወይዘሮ በለጡ መጀመሪያ የተናደዱት በእናቶቹ ነበር። ብረትና ገመድ ነው፣ ጋኔን የለበትም ብለው ለመኗቸው። ብቻቸውን ገብተው ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ፤ ዘበኛው እስኪስቅባቸው ድረስ ተመላለሱ። ከእናቶቹ አንዷ ግን፣ «እርስዎማ ልጅ አልያዙም» አለቻቸው። ወይዘሮ በለጡም ወደ ሙዲሩ ሄዱና ቢያንስ የሞቱት ልጆች በደረጃው እንዲወርዱ ጠየቁ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ተሸካሚም የለንም፣ ማሌሽ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱን በጀርባቸው እያዘሉ አራቱን ፎቅ ይወጡ ጀመር። በሕንፃው ወጥ ቤት ተቀጥረው የነበሩት ወይዘሮ ሰዓዲያ፣ «በለጡ፣ አንቺንስ ነገ ማን ሊያዝልሽ ነው?» ሲሏቸው፣ «ነገ ሲመጣ እንጠይቀዋለን» ብለው አለፉ። አቶ ደመቀም ማታ ማታ እግራቸውን በሞቀ ውኃ እያሹ ይቆጡ ነበር፤ ቁጣቸውን ግን የሚሰማ አልነበረም።

በጥር ወር ውዴ የምትባል የበለሳ ወጣት እናት አንገቷን ማቅናት የተሳናትን ሴት ልጅ ይዛ መጣች። ውዴ ራሷ ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው። ወይዘሮ በለጡም በዚያ ቀን ትኩሳት ይዟቸው ስለነበረ ማንንም ማዘል አልቻሉም። ጊዜ እንደሌለ ባዩ ጊዜ በአሳንሰሩ እንውጣ አሏት።

ውዴም፣ «ልጄን ይዤ ሣጥን ውስጥ አልገባም» አለች።

«እኔ አብሬሽ እገባለሁ። የሚገድል ቢሆን እኔስ እገባ ነበር? ሞኝ እመስልሻለሁ?»

«አይ፣ የደከመዎት ይመስላሉ» አለች ውዴ። ይህን ብላ ግን ተከትላቸው ገባች፤ ያመነችው አሳንሰሩን ሳይሆን እሳቸውን ነበር።

ሁለተኛውን ፎቅ እንዳለፉ መብራት ጠፋ። አሳንሰሩ በጨለማ ቆመ። ወይዘሮ በለጡ በሩን እየደበደቡ ሲጣሩ፣ ዘበኛው ከታች፣ «ማሌሽ፣ ካህረባው አሁን ይመጣል» ብሎ መለሰ። ውዴ አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም፤ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ይህም ከማንኛውም ወቀሳ እንደከበዳቸው ወይዘሮ በለጡ በኋላ ተናግረዋል። እየቆየ መብራቱ መጣ። አሳንሰሩ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ላይ የሚሄድ መሰለ፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ለቀቀውና ከመሬቱ ተላተመ።

ከውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የልጅቷ ለቅሶ ነው። ከመጣች ጀምሮ ድምፅ ያልነበራት ልጅ ሕንፃው እስኪሰማ አለቀሰች። የውዴ ከንፈር ተሰንጥቋል፤ የወይዘሮ በለጡ የቀኝ ቁርጭምጭሚት ተሰብሯል። የተጣመመውን በር በዲጂኖ ፈልቅቀው ሲያወጧቸው፣ ሙዲሩ በድንጋጤ፣ «ውስጥ ሆናችሁ ዘላችሁ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ በለጡም ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ፣ «አዎ፣ እስክስታ ላይ ነበርን» አሏቸው።

ሙዲሩ ዛሬ ይህን ሲሰሙ አይቀየሙንም፤ እሳቸው ራሳቸው ሲያወሩት ሰምተናል።

ያን ጊዜ ውዴ፣ «አሁን ልጄን በየት ልውሰዳት?» አለች። ጥያቄው ትክክል ነበር። አሳንሰሩ ወድቋል፤ ደረጃውን ውዴ አትወጣውም፤ ወይዘሮ በለጡ መቆም አይችሉም። ወይዘሮ በለጡ ያን ወቅት ሁሉ እናቶቹን ሲለምኑ፣ ሲቆጡና ሲያዝሉ ከርመው፣ እናቶቹን ወደ ላይ ለማድረስ መድከሙ የተሳሳተ ድካም እንደነበረ የታያቸው እዚያው ወለሉ ላይ ነው። እጃቸውን ወደተቆለፈው ክፍል ዘርግተው፣ «ያንን ክፈቱልኝ» አሉ።

«ቁልፉ ባለቤቱ ዘንድ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ካርቱም ነው» አሉ ሙዲሩ።

ወይዘሮ ሰዓዲያ ዲጂኖውን ከዘበኛው እጅ ተቀበሉና ቁልፉን ሰበሩት። እናቶቹ ወንበሩን ሁለት ሁለት ሆነው ወደ መንገድ ያወጡ ጀመር፤ ራሳቸውን መሸከም የማይችሉት ሴቶች ጠረጴዛ ሲጎትቱ ያየ ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ ባለጋሪዎቹና የሻይ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ገቡበት። ዶክተሩ ግሉኮሱን ይዞ ከአራተኛው ፎቅ ወረደ። የውዴ ልጅ ምድር ቤት በተዘረጋላት አልጋ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሌሎቹ ሕፃናት ወርደው ከጎኗ ተኙ።

ባለቤቱ ከካርቱም ተመልሶ ብዙ ጮኸ፤ ክፍሉን ገብቶ ካየ በኋላ ግን ወንበሮቹ ዝናብ እንዳይመታቸው ብቻ ለምኖ ሄደ። ሞት በዚያ ቀረ አንልም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ልጆች ቀብረናል። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ በፍርሃት ምክንያት ከሐኪም ሳይደርስ የዋለ ልጅ አልነበረም።

አሳንሰሩ ተጠገነ። ሙዲሩም ሰው ፍርሃቱ እንዲለቀው ወይዘሮ በለጡ በመጀመሪያ ቢወጡበት መልካም ነው ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም፣ «እርስዎ ልጅዎን ይዘው ይውጡና እኔ እከተላለሁ» አሉ። በማግሥቱ ሙዲሩ በደረጃው ሲወጡ ታዩ፤ እስከ ዛሬም የሚወጡት በደረጃው ነው።

የተሰበረው እግራቸው ሳይጠና ወይዘሮ በለጡ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዕረፉ ላላቸው ሁሉ የተሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ማን ያስተርጉም? ከሆቴሉ ወንበሮች አንዱን በክፍሉ በር ላይ አስቀምጠው፣ እግራቸውን በሣጥን ላይ ሰቅለው፣ በሦስት ቋንቋ ሲቆጡ ይውሉ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ወባ ያዛቸው። አቶ ደመቀ ለመኑ፣ ልጆቻቸው አለቀሱ፣ ዶክተሩ አዘዘ፤ ነገ እተኛለሁ እያሉ ሰነበቱ። በተኙም ጊዜ ሰውነታቸው መድኃኒቱን መቀበል አልቻለም። በመስከረም 1978 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ። ስንቱን ልጅ ለሐኪም ያደረሱ ሴት ራሳቸውን በሰዓቱ ማድረስ አቅቷቸው ማለፋቸው ኀዘናችንን ቁጣ ጨምሮበታል፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ ደመቀን፣ ልጆቻቸውን እናኑንና ወርቅውሃን፣ እንደ እኅት አብረዋቸው የኖሩትን ወይዘሮ ሰዓዲያን፣ በጭልጋም መንገዱ ተዘግቶ መርዶው ገና ያልደረሳቸውን እናታቸውን ወይዘሮ ኮከብን ትተዋል። ከእናንተ ወደዚያ የሚያልፍ ካለ፣ በችኮላ እንዳይነግራቸው፣ ሰው አሰባስቦ፣ አስቀምጦ እንዲነግራቸው አደራ እንላለን።

ወይዘሮ በለጡ ከማረፋቸው በፊት አንድ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ እናቶቹ ለቀብሬ ብለው የልጆቹን የወተት ሰዓት እንዳያሳልፉ፣ ከክፍሉም ማንም እንዳይመጣ ብለው ነበር። ውዴ ይህን ለእናቶቹ ሁሉ እንድትነግር ታዝዛ በትክክል ነግራለች። እነሆ ግን እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ወተቱንም በማሰሮ ይዘው፣ አንዲትም ሳትቀር ከዚህ ቆመዋል፤ ውዴም ከፊት ናት። ወይዘሮ በለጡ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ዘመናቸውን ሁሉ ለሰው የደከሙትን እናታችንን እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ያድለን። አሜን። እናቶች፣ ከጸሎቱ በፊት ልጆቹን አጠጡ።