ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ሥራ

ከአውቶቡስ ተራ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ባለ ክራንች ወጣት አናገሯት።

«ከሥራ ነው፣ ልጄ?»

«ሥራ ፍለጋ ነው፣ እትዬ። ፋርማሲስት ነኝ።»

«ታዲያ አገኘሽ?»

«በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣሁ። ክራንቼን ሲያዩ ግን ሥራው ቀኑን ሙሉ መቆም ይጠይቃል አሉኝ።»

«ወንበር የላቸውም?»

«አላቸው። የፋርማሲው ባለቤት ተቀምጦበታል።»

«ምን አልሻቸው?»

«አራተኛ ጊዜዬ ነው፣ ደክሞኝ ወረቀቴን ሰብስቤ ተነሳሁ። ስወጣ ፋርማሲስት መሆኔን የሰሙ አንድ ሽማግሌ መድኃኒታቸው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ጠየቁኝ። በሩ ላይ ቆሜ አስረዳኋቸው።»

«እነሱ እያዩሽ?»

«እያዩኝ።»

እኔም መርካቶ ሱቅ አለኝ፤ ለሥራ የመጣ ስንት ሰው እንደመለስኩ ማስታወስ ጀመርኩና ተውኩት።