የመቲ ረጋሳ አከርካሪ

የምስክር ቃል
ስም፦ ዶ/ር ቀንዓ ረጋሳ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የአንጎልና የአከርካሪ ምስል ተመራማሪና መምህር
የትውልድ ቦታ፦ ጎጆ
የመኖሪያ አድራሻ፦ አዲስ አበባ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አምቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ፈይሳ

በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ፣ በእህቴ በመቲ ረጋሳ ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን ስጠየቅ ቃሌን እንዲህ ሰጥቻለሁ።

ተበዳይዋ መቲ ታናሽ እህቴ ስትሆን ከባለቤቷ ከአቶ ዲንሳ ጋር አምቦ ከተማ ትኖራለች። ጀርባዋን ሲያማት ከርሞ ጥር ላይ አዲስ አበባ አምጥቼ በኤምአርአይ አስነሳኋት። ምስሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የአከርካሪዋን ሁለት አጥንቶች ቲቢ በልቷቸዋል፣ መግልም ህብለ ሰረሰሯን መጫን ጀምሯል። እንዲህ ያለውን በሽታ ከምስል መለየት የዕድሜ ልክ ጥናቴ ነው። በመድኃኒት የሚድን መሆኑን፣ ነገር ግን ጀርባዋን ማንም ሰው እንዳይነካት፣ እንዳያሻትና እንዳይጎትታት ለእሷም ለባለቤቷም ነግሬ፣ መድኃኒቱን አምቦ ጤና ጣቢያ እንድትወስድ ላክኋት። ወደ ቤቷ የገባችው በራሷ እግር ነው።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ስለበረታባት አቶ ዲንሳ የማስታገሻ መርፌ እንድትወጋ ብሎ፣ በከተማው የግል ክሊኒክ ወዳለው ወደ ተከሳሹ አቶ ተሬፋ ወሰዳት። በቤታቸው የሁለቱም ፊልም እንዳይታጠፍ ተብሎ በአንድ ትልቅ ፖስታ ከፍራሽ ሥር ነው የሚቀመጠው። አቶ ዲንሳ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ እሱም ከሁለት ዓመት በፊት ወገቡን ታሞ በኤምአርአይ ተነስቶ ነበር። ፖስታውን እንዳለ ይዞ ሄደ። በዚህ አልፈርድበትም፤ ፊልም ማንበብ ሥራው አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን መቲና ዲንሳ በየራሳቸው በአንድ ዓይነት ነግረውኛል። ተከሳሹ ከፖስታው አንድ ፊልም መዝዞ ወደ መስኮቱ አነሳና «ዲስክ ነው፣ ተንሸራቷል። ዛሬውኑ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ» አለ። መቲ ወንድሟ እንዳትነካ ማዘዙን ስትነግረው «ወንድምሽ እኮ ፎቶ አንሺ ነው። ሐኪሙ እኔ ነኝ፣ ተኚ» አላት። በሆዷ አስተኝቶ፣ አንዱ ሠራተኛው ክንዷን ሌላው እግሯን እንዲስቡ አድርጎ፣ ራሱ በጉልበቱ ጀርባዋን ተጫነ። መቲ ጮኸች። «ገባ!» አለ። ከአልጋው ስትወርድ እግሮቿ አልታዘዟትም። ዲንሳ አዝሎ አወጣት።

በተነገረኝ ማግስት አምቦ ገብቼ ፖስታውን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ተከሳሹ በተራ ጠባቂዎቹ ፊት «ፎቶ አንሺው መጣ!» ብሎ ሳቀ። ያየኸውን ዲስክ አሳየኝ አልኩት። ሳያመነታ ፊልሙን አውጥቶ በጣቱ አሳየኝ። ትክክል ነበር፤ ዲስኩ ተንሸራቷል። ከዚያ ጥግ ላይ የተጻፈውን ስምና ፆታ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቅኩት። ፊልሙን ወደ እኔ ገፋው። እኔ አነበብኩለት። ዲንሳ፣ ወንድ ይላል። የእህቴ ፊልም እዚያው ፖስታ ውስጥ ነበር። ተማሪዎቼ አጥንቱን ከማየታቸው በፊት ጥጉን እንዲያነቡ የማስተምረው በመጀመሪያው ቀን ነው።

ተከሳሹ ሰድቦኛል፣ ሥራዬን አስተጓጉሏል ሲል ስላቀረበው አቤቱታ ተጠይቄ፣ አልሰደብኩትም። ሁለቱን ፊልሞች መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች በአማርኛም በኦሮምኛም አስረድቻለሁ። አንዲት ሴት «ለእኔስ የማንን አይቶ ይሆን?» ብላ ካርዷን ይዛ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ይህን በማድረጌ አልጸጸትም።

መቲ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ምስልም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ትሄዳለች ብዬ ልነግራት አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ኦቦ ጀቤሳ የሚባሉ ሽማግሌ ከሌሎች ጋር ተከሳሹን ይዘው እህቴ ቤት መጡ። ተከሳሹ ከአልጋዋ ሥር ተንበረከከ። ኦቦ ጀቤሳ «ዶክተር፣ ታላቋ አንተ ነህ። ተነስ በለውና እንገላገል» አሉኝ። አልልም አልኩ። «እኛንስ አታፍረንም?» አሉ። አፍራለሁ፣ ግን አልልም አልኳቸው። መቲ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «አኒ ዲሴራ» አለች፤ ትቼዋለሁ ማለቷ ነው። ቀጥላም «ወንድሜ፣ ይነሳ በቃ። ጉልበቱን ያመዋል» አለች። ሽማግሌዎቹ አነሱት። እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

ተበዳይዋ ይቅር ብላ ሳለ ለፖሊስ ያቀረብኩትን አቤቱታ እተው እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ፣ አልተውም ብያለሁ። የእህቴ ይቅርታ የእህቴ ነው፣ በመዝገቡ ይስፈርላት። እኔ ይቅር አላልኩም። ክሊኒኩ ዛሬም ክፍት ነው፤ ወደዚህ ስመጣ በሩ ላይ ወረፋ አይቻለሁ። ፈቃዱ እንዲነጠቅ፣ ፍርድ ቤትም ሁለቱን ፊልሞች አስቀርቦ፣ የትኛው የሴት ጀርባ እንደሆነ ተከሳሹን በችሎት እንዲጠይቀው እፈልጋለሁ። በዚያ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጬ አየዋለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። መርማሪው ስለ ተከሳሹ «ተሳስቶ» ብሎ የጻፈውን አስሰርዤ «ሳያይ» አስብያለሁ። የቀረው እንደተናገርኩት ስለሆነና እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቀንዓ ረጋሳ
የመርማሪው ፊርማ፦ ም/ሳጅን ፈይሳ