በሳይክል የመጣ መርዶ

ፒያሳ የነበረው ግቢያችን ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ በየዳር አገሩ ተበተነ፤ እኔ ስድስት ኪሎ ቤት ተከራየሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክል መንዳት ለምዶብኛል። እንጦጦን ወጥቼ፣ በጫካው አልፌ፣ ሸለቆውን ወርጄ በገብስ ማሳ መሀል ኮረኮንቹን መያዝ ነው፤ የት እንደሚያደርስ ግድም የለኝ። ያለፈው ቅዳሜ ማሳው ሲያልቅ አዲስ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ብቅ አልኩ። እትዬ አስካለ፣ በግድግዳ ብቻ የምንለያየው የድሮ ጎረቤቴ፣ በር ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሲያዩኝ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁት።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም! ምነው እትዬ?»

«እዚህ ከመጣን ወዲህ የድሮ ጎረቤት ደጄን የሚረግጠው መርዶ ሲኖር ነው። አንተ ደግሞ እንዲህ እየበረርክ ስትመጣ…»

ላረጋጋቸው ብዬ፣ ምን እንዳቀለበለበኝ እንጃ፣ «አይዞዎት፣ እዚህ መሆንዎንም አላወቅሁም! ሳይክል ልነዳ ነው የወጣሁት» አልኳቸው።

«ተመስገን» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በጭቃ የተለወሰውን ጎማዬን እያዩ፣

«ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።