ጥሩምባው ሳይነፋ

ከሆሳዕና ወደ ሾኔ በሚሄደው ላንድሮቨር ውስጥ፣ የእኔ እኩያ የሚሆን ጎረምሳና ጭናቸው ላይ ሳጥን ያስቀመጡ ሴትዮ ከኋላዬ ያወራሉ።

«እትዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«የማጅራት ገትር ክትባት። ነርስ ነኝ። ነገ የቀበሌያችሁን ወጣቶች እንከትባለን፤ አንተም ና።»

«እኔ እንኳን አልመጣም።»

«መርፌ ትፈራለህ?»

«መርፌውን አይደለም። ማን ነው የሚጠራን?»

«የቀበሌያችሁ ሊቀ መንበር ጥሩምባ ያስነፋል።»

«ክትባት በጥሩምባ ይጠራል?»

«ታዲያ ሰው በምን ይሰብሰብ?»

«አምና ስንዴ ይታደላል ተብሎ የተነፋው ያው ጥሩምባ ነው። ወንድሜ ጆንያ ይዞ ሮጠ። ማታ ጎረቤት ጆንያውን ብቻ አመጣልን። እሱን በካሚዮን ጭነው ወደ ጦር ሜዳ ወስደውታል።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«እሺ፣ ቀስ ብዬ ልጠይቅዎ። ነገስ ካሚዮን እንደማይመጣ በምን ያውቃሉ?»



«እሱን አላውቅም። በሽታው ግን ጎረቤት ቀበሌ ገብቷል። እዚያ ትናንት አንተን የሚያህል ልጅ ተቀብሯል።»

«ሰምቻለሁ። ክትባቱን መቼ ጠላሁ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እዚሁ ይውጉኝ።»

«መኪናው እየዘለለ?»

«ሾኔ ስንወርድ፣ ከመኪናው ጀርባ።»

«እሺ። ግን ለጓደኞችህ ክንድህን አሳያቸው።»

«ጥሩምባው ሳይነፋ፣ ዛሬውኑ እርስዎ ያሉበት ድረስ ይዣቸው እመጣለሁ።»

እኔም ፊቴን ሳላዞር የሸሚዜን እጅጌ መጠቅለል ጀመርኩ።