የአቶ ዲበኩሉ ጉደታ ዜና ሕይወትና የቡልቡላው ሱቅ ነገር

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም በረራችሁን ለሌላ ሰው አስረክባችሁ፣ ከሩቅ አገር መኪና ነድታችሁ አዳማ የደረሳችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፤ ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ እንዲያነብ የመረጠው የሟቹን ታናሽ ወንድም ጉተማን ሲሆን፣ እሱም የሚያነበውን ሁሉ ተረድቶታል ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅለት ይለምናል።

አቶ ዲበኩሉ ጉደታ ከአባታቸው ከአቶ ጉደታ ሰንበታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፉ፣ ጥር 4 ቀን 1954 ዓ.ም. ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው በዛሬዋ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በጣቢያው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስለነበሩ ቤቱ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ደጅ አማርኛ፣ አባት ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ የፈረንሳይኛ ቁጥር ይሰማ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚችው ከተማ ተከታትለው በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ሲወጡ፣ አቅጣጫ የሚባለው ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልገባቸውም። እናታቸው ወፍጮ ቤት ሲልኳቸው ጎረቤት ፈልጎ ይመልሳቸው ነበር፤ ጎልማሳ ከሆኑም በኋላ ተወልደው ባደጉባት ከተማ ባጃጅ ተሳፍረው ሾፌሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ሲጠይቃቸው «አንተ በምታውቀው» ይሉ እንደነበር እዚህ ያላችሁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በ1972 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ለአቪዬሽን ቴክኒሻንነት የወጣውን ፈተና አልፈው አዲስ አበባ በሚገኝ ማሠልጠኛ ገቡና፣ አብራሪ መንገዱን፣ ከፍታውንና ፍጥነቱን የሚያውቅባቸውን መሣሪያዎች፣ እንዲሁም ሬዲዮኖቹን መጠገን ተምረው በማዕረግ ተመረቁ። ከዚያም ለሠላሳ ሦስት ዓመታት በጥገና ክፍል ሲያገለግሉ አንድም ቀን ሳይፈትሹ ያስረከቡት መሣሪያ እንዳልነበረ አለቆቻቸው መስክረውላቸዋል። አብራሪ ደመና ውስጥ ሲገባ ሰውነቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ቢመስለው እንኳ መሣሪያው ቀጥ ብለሃል ካለው መሣሪያውን እንዲያምን ይማራልና፣ ይህን ሁሉ እምነት የተሸከሙት ወደ ገዛ ቤታቸው የሚወስደውን ቅያስ የሚስቱት ወንድማችን መሆናቸው የአብራሪዎቹ የዘወትር መሳቂያ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ቤተሰቦቻቸው ከባቱ አለፍ ብላ በሐዋሳ መንገድ ላይ በምትገኘው ቡልቡላ ከተማ የሚኖሩትን መምህርት ወይዘሮ አበባን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ቢሊሴንና ጋዲሳን ወለዱ። ባልና ሚስት ተጣልተው ያደሩበት ቀን አይታወስም ቢባል ውሸት ይሆናል፤ ተጣልተው ሲያበቁ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ የሚቸገሩት ሁልጊዜ አቶ ዲበኩሉ ነበሩ። ይቅርታ ከመጠየቅ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም የቤት ዕቃ ፈትተው መግጠም ይቀላቸው ነበር።

ጡረታ ወጥተው ወደ አዳማ በተመለሱ በዓመቱ፣ የእርሻ መድኃኒት መርጫ፣ የኪራይ በረራና የማሠልጠኛ አውሮፕላን የሚያበሩ አሥራ አንድ አብራሪዎች ከእሳቸው ጋር ሆነው «ከፍታ የበረራ መሣሪያዎች» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው ሬዲዮ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከፍታ መለኪያና የመሳሰለውን በሱቅ መሸጥና መጠገን ሲሆን፣ በሌላው ጉዳይ ሁሉ በአንድ ረፋድ የተስማሙት ሰዎች ሱቁ የት ይከፈት የሚለውን ግን ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በአንድ የአዳማ ሆቴል ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክረው ሊጨርሱት አልቻሉም። ካፒቴን ሀሴት ገዢው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ዕቃ ይዘን ገዢ ልናሳድድ ነው ወይ አሉ። የእርሻ መድኃኒት የሚረጩት ካፒቴን ዲዳ ቢሾፍቱን የማያውቅ አብራሪ አብራሪ አይደለም ብለው ጠረጴዛ መቱ። ከድሬዳዋ የሚበሩት ካፒቴን መሐመድሰዒድ ደግሞ የድሬዳዋም፣ የሐዋሳም፣ የአዲስ አበባም መንገድ የሚገናኘው አዳማ አካባቢ መሆኑን ረጋ ብለው አስረዱ። ነገሩ ወደ መቀያየም ሲያዘነብል አንዱ ተነሥተው፣ እኛ ሰማይ ላይ መሣሪያ እንጂ ስሜታችንን አናምንም፣ ታዲያ ምድር ላይ ምን ነካን ሲሉ የአገሪቱ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

በዚህም መሠረት እያንዳንዱ አብራሪ የሚነሣበትን የአውሮፕላን ማረፊያና በወር ስንት ጊዜ እንደሚበር በወረቀት ጽፎ እንዲያቀርብ፣ ማረፊያ የሌላቸውና ለማንም የማያደሉት አቶ ዲበኩሉም በካርታው ላይ አስልተው ለሁሉም የሚቀርበውን መካከለኛ ነጥብ እንዲያወጡ ተወሰነ። አቶ ዲበኩሉ አስልተው ሲጨርሱ ነጥቡ ቡልቡላ ላይ አረፈ። አንድም ሰው ድጋሚ ይሰላ አላለም፤ አጨብጭበው ፈረሙ። ቡልቡላ ላይ ማረፊያ እንደሌለ፣ ገዢ በአየር ሳይሆን በመኪና እንደሚመጣ ትዝ ያላቸው ሱቁ ተከፍቶ፣ ማስታወቂያው ተሰቅሎ ካበቃ በኋላ ነው። ይህን ያህል የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይሳሳታል ብሎ ወንድማቸው ብዙ ጊዜ ጠይቋል፤ ካፒቴን ዲዳም «እኛ ከላይ ስናየው ሁሉም ቅርብ ነው» ብለው መልሰውለታል።

ሱቁ መስከረም 2009 ዓ.ም. በዋናው መንገድ ዳር፣ በውኃ ፓምፕ መለዋወጫ መደብርና በቲማቲም ነጋዴዎች መካከል ሲከፈት አቶ ዲበኩሉ ሳምንቱን እዚያው እየዋሉ እያደሩ ቅዳሜ ወደ አዳማ ይመለሱ ጀመር። የአካባቢው ሰው ሱቁን ወደደው። የባጃጅ ሾፌሮች ከፍታ መለኪያውን የግድግዳ ሰዓት ነው ብለው ዋጋ ይጠይቁ፣ ሠርግ ያለበት ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ይመጣ፣ የባቱ አትክልት አምራቾች መድኃኒት የሚረጩባትን ድሮን ያስጠግኑ ነበር። አብራሪዎቹ ግን ግማሽ ቀን ነድተው አንድ የጆሮ ማዳመጫ ገዝተው በተመለሱ ቁጥር ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም አላባራም።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰቡት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸውና፣ ራሳቸው አቶ ዲበኩሉ ናቸው። ሱቁ ለምን ከዚያ አይነሣም ብለው ለጠየቋቸው ለካፒቴን ሀሴት፣ የዋና ከተማ ግርግር ለጥቃቅን መሣሪያ ጥገና እንደማይመች ነገሯቸው። ለካፒቴን ዲዳ የቡልቡላ ደረቅ አየር ለሬዲዮ ተስማሚ መሆኑን አስረዱ። ወይዘሮ አበባን ለቤተሰቦችሽ ቅርብ እንድንሆን ነው አሏቸው፤ እሳቸውም በዚህ ተደስተው ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ሲናገሩ ኖረዋል። ለገዛ ወንድማቸው ደግሞ ካርታው ያለው ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ብለው ዘጉት። ካፒቴን መሐመድሰዒድ ብቻ አንድም ቀን አልጠየቋቸውም። ከሁሉም ሩቅ የሚነዱት እሳቸው ሆነው ሳለ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከድሬዳዋ ይመጣሉ፤ አቶ ዲበኩሉም እንግዳቸው ገና ከመኪና ሳይወርዱ የጆሮ ማዳመጫቸውን ተቀብለው ምንም ያልሆነውን መፍታት ይጀምራሉ። ከዚያ አንድ ላይ የባቱ ዓሣ ይበላሉ፣ ስለ ልጆች ያወራሉ፣ ይለያያሉ።

አቶ ዲበኩሉ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲቸገሩ ቆይተው በዚህ በያዝነው ወር መጀመሪያ ሕመሙ ጠናባቸው። በዚያው ሰሞን ማኅበሩ ሱቁን ወደ አዲስ አበባ ለማዛወር ኅዳር 13 ቀን ስብሰባ ሲጠራ፣ እሳቸው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ምክንያቴን ለሁሉም እናገራለሁ ብለው መልእክት ላኩ። ሐኪም አትንቀሳቀሱ ቢላቸውም እኔ ካልሄድኩ ማን ይነግራቸዋል እያሉ ልብሳቸውን እንዲያዘጋጁላቸው ይወተውቱ ነበር። ነገር ግን ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው በአዳማ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ስብሰባው ሊደረግ የታሰበው ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት ነበር።

ትናንት በሚካኤል ዕለት ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አብራሪዎቹ ተሰብስበው ተቀምጠው ሳለ አቶ ዲበኩሉ ምን ሊናገሩ ነበር የሚለው ተነሣና፣ ሁሉም በሰማው ምክንያት ስለማለ ድንኳኑ ስብሰባ መሰለ። ደረቅ አየር ነው የሚሉ በአንድ ወገን፣ የከተማ ግርግር ነው የሚሉ በሌላ ወገን ሆነው፣ ወይዘሮ አበባ ከተቀመጡበት ፍራሽ ላይ ሆነው «ኧረ ለእኔ ብሎ ነው» ሲሉ የሚለቀሰውም የሚሳቀውም ጠፋ። በመጨረሻ ቢሊሴ አባቷ ለስብሰባው ጽፈው ትራሳቸው ሥር ያስቀመጡትን ፖስታ አምጥታ ለአጎቷ ለጉተማ ሰጠች፤ እሱም ለብቻው አንብቦ እንዳልገባው ሰው ደግሞ አነበበው።

ደብዳቤው «ሱቁ ቡልቡላ የሆነው እኔ ስለተሳሳትኩ ነው» ብሎ ይጀምራል። የሆቴሉ ስብሰባ ሁለተኛ ቀን ዓርብ ስለነበረ ካፒቴን መሐመድሰዒድ ለጁምዓ ሶላት ቀድመው ሲወጡ ወረቀታቸውን በእጃቸው ሰጥተዋቸው፣ አቶ ዲበኩሉም በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከትተው ረስተውት፣ በአሥር ወረቀት ብቻ አስልተዋል። በወር ከሁሉም አብልጠው የሚበሩት ካፒቴን መሐመድሰዒድ ነበሩና ያ ወረቀት ቢገባ ነጥቡ ቡልቡላን ለቆ ወደ አዳማ ይጠጋ ነበር። አቶ ዲበኩሉ ግን የአዳማ ልጅ በመሆናቸው ለአገሩ አደላ እንዳይባሉ ሲፈሩ ቆይተው ነጥቡ ቡልቡላ ሲወድቅ እፎይ አሉ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይፈትሹ አስረከቡ። ወረቀቱን ያገኙት በታኅሣሥ ወር ሱቁ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ መሐመድሰዒድ በመጡ ቁጥር ልናገር ብለው አፋቸው አልታዘዝ እንዳላቸው፣ በሰጧቸው ምክንያቶች ሁሉ እንዳፈሩ፣ ሱቁን ወደፈለጉበት እንዲወስዱት፣ እሳቸው ግን ከመሐመድሰዒድ ይቅርታ ሳይሰሙ መሞት እንደማይፈልጉ ጽፈው ፈርመዋል።

ወንድማቸው ደብዳቤውን ይዞ ካፒቴን መሐመድሰዒድን ወደ ጓሮ ወሰዳቸውና አስነበባቸው። ካፒቴን አንብበው እንደጨረሱ ወረቀቱን አጥፈው መለሱና፣ «እኔ እኮ ያኔ ድሬ እንደገባሁ ራሴ አስልቼው ነበር። የኔ ወረቀት ቢኖርበት ቡልቡላ አይመጣም። አዳማ እንዳያሸንፍ አውቃችሁ የጣላችሁኝ መሰለኝ» አሉ። ታዲያ ለምን አልጠየቁም፣ ለምንስ ያን ሁሉ መንገድ ይመላለሱ ነበር ሲባሉም፣ «ለምኜ ልቆጠር? ዓይኔን እያየ አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ነው እንጂ ዕቃውንማ በፖስታ ይልክልኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ዘጠኝ ዓመት አንድ ትሪ ላይ ዓሣ እየበሉ፣ አንዱ መናገር፣ አንዱ መጠየቅ እንዴት እንዳቃታቸው ወንድማቸው ሌሊቱን ሲያስብ አደረ። አዝኗል፤ በሁለቱም ተቆጥቷል።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤው ለአብራሪዎቹ ሁሉ ተነበበላቸው። ክርክሩ በዚህ ያበቃል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ግን አብራሪዎችን አያውቅም፤ በስሕተት የተገኘ ቦታ ይነሣ የሚሉት ካፒቴን ሀሴትና፣ በስሕተትም ቢሆን ዘጠኝ ዓመት የቆየ ቦታ አይነካም የሚሉት ካፒቴን ዲዳ አስከሬኑን ተሸክመው እየመጡ እንኳ አልተስማሙም። ነገሩ ከአርባው በኋላ እንዲታይ ተቀጥሯል። መቃብሩን ከዕድሩ ሰዎች ጋር ሲቆፍሩ ያረፈዱት ካፒቴን መሐመድሰዒድ ሱቁ የት ይሁን ተብለው ሲጠየቁ አፈሩን መዛቅ ቀጠሉ።

አቶ ዲበኩሉ ጉደታ ባለትዳር፣ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ትተዋቸው የሄዱት ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ፣ ልጆቻቸው ቢሊሴ ዲበኩሉና ጋዲሳ ዲበኩሉ፣ የልጅ ልጃቸው ሌንሳ ናቸው። ወንድም በሚለው ተራ ላይ ትናንት የሰፈረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከመቃብሩ ጉድጓድ እንደወጡ ካፒቴን መሐመድሰዒድ ይህን ወረቀት ተቀብለው፣ አፈር በነካው እጃቸው ሌላ ስም ጽፈው መልሰውታል። ስለዚህ እንደተጻፈው ይነበባል፤ ወንድሞቻቸው ጉተማ ጉደታና መሐመድሰዒድ አደም።

የሰውን ልብ የሚመረምር አምላክ፣ ሊናገሩት ሲፈልጉ የቀረባቸውን ሰምቶ፣ የወንድማችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማደሪያ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።