ሳይጠይቁ የተቀዳ ጠበል

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከአሰቦት ጠበል ቀድተው ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ ከጎናቸው የተቀመጠችው አብርሆት የምትባል ነርስ ነበረች። ሁለቱም ጭሮ ውስጥ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ፤ ከሰላምታ አልፈው ግን ተጫውተው አያውቁም። ሚኤሶ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ መንገዱን ዘጋውና ሚኒባሱ ቆመ። ወይዘሮዋ ጄሪካናቸውን ታቅፈው አሁንም አሁንም ሰዓት ይጠይቃሉ።

«ምነው እማማ፣ የሚጠብቅዎት ሰው አለ?»

«ልጄ ህሩይ ከበዴሳ ይመጣል። እዚያ መምህር ነው፤ ከፋሲካ በፊት እንደሄደ ዛሬ ገና መምጣቱ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በስልክ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው፤ ሃይማኖት የለኝም› አለኝ። የለኝም! ሰው እንዴት ባዶውን ይኖራል? እንቅልፍ አጣሁ ልጄ።»

«ታዲያ ምን አሰቡ?»

«ሳልነግረው ወጡ ውስጥ ጠበሉን ጠብ አደርግለታለሁ። በልቶ ሲጨርስ አጎቶቹ መጥተው ያፋጥጡታል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!»

አብርሆት ሳቋ መጣና ዋጠችው።

«ለመሆኑ ለምን እንደሆነ ጠይቀውታል?»

«ምኑ ይጠየቃል? ይሄ ስልካችሁ ነው ያበላሸው።»

«እማማ፣ እኔ በሽተኛ ሲመጣ ‹ምንህን ነው ያመመህ?› ሳልል መርፌ ብወጋ ከሥራ እባረራለሁ።»

«ልጄን በሽተኛ አልሽው?»

«ኧረ እኔስ አላልኩም! ሳይጠይቁ መድኃኒት የያዙለት እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ተቆጡ። አንዳንድ ቁጣ መልስ ሲታጣ የሚመጣ ነው።

«ጠበሉን ናቅሽው?»

«እኔም እጠጣለሁ፣ እጠመቃለሁ። ግን በስውር እንዳጠጡት ልጅዎ ያወቀ ዕለት የእጅዎን ምግብ አምኖ ይበላል? ጌታችን እንኳ መጻጉዕን ያን ሁሉ ዘመን አልጋ ላይ እንደኖረ እያወቀ፣ መዳን ትወዳለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እርስዎ ከጌታ ሊቀድሙ ነው?»

«ዝም ብዬ ካደመጥኩትማ ‹ደግ አደረግህ› ማለቴ አይደለም?»

«መስማት ማጽደቅ አይደለም። የእርስዎን እምነት ማን ይወስድብዎታል? ዛሬ አጎቶቹ ካፋጠጡት ግን ነገ ስልክዎን አያነሳም። ያኔ በየት አግኝተው ሊመክሩት ነው?»

ይቺ ነገር ልባቸው ላይ አረፈች፤ እንቅልፍ የነሳቸው ፍርሃትም ይኸው ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ጭሮ ደረሱ። እቤታቸው እንደገቡ ጄሪካኗን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ሥር በግልጽ አኖሩና ለአጎቶቹ ደውለው፣ «ዛሬ አትምጡ» አሉ።

ህሩይ ሲመሽ ደረሰ። እራት ቀርቦ ሳለ ዓይኑ ወደ በሩ ይመለከታል።

«አጎቶቼ የታሉ?»

«ማንም አይመጣም። አንተን ልሰማ ነው። ለምን እንደሆነ ንገረኝ፤ አልቆጣም።»

ህሩይ እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ ተናገረ። «አባዬ ሲታመም ልጅ ነበርኩ። እህል ሳልቀምስ ቀኑን ሙሉ ስጸልይ እውል ነበር። ሞተ። በሠልስቱ ‹እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ አባትህ ይተርፍ ነበር› ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስቆም የሚታየኝ የገደልኩት አባቴ ነው።»

«ማን አባቱ ነው እንዲህ ያለህ?»

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ አፋቸውን ከፈቱ፤ በሐዘን ላይ ብሆን ነው ሊሉ ነበር። ተዉት።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» አሉ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልብ በሉ። ህሩይ ያን ምሽት አላመነም፣ እናቱም አልካዱም። ሃይማኖት የሌለውን ሰው ስለሰማን ሃይማኖታችን አይሸረፍም። የተሰማ ሰው ከቤቱ አይሸሽም፤ የሰማም ሰው የገዛ ጥፋቱን አግኝቶ ንስሐ ይገባበታል። እኒህ እናት ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ልጃቸውን ያስኮረፈው ምን እንደሆነ ሳያውቁ መቃብር በወረዱ ነበር።

ህሩይ ሲመጣ በማግስቱ እሑድ በመጀመሪያው መኪና እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሲነጋጋ ተኝቶ ትተውት ቅዳሴ ሄዱ። እየጸለዩም ልባቸው መናኸሪያው ጋ ነበር። ሲመለሱ የመጀመሪያው መኪና ከወጣ ቆይቷል፤ በሩን ከፍተው ለመግባት ፈሩ፤ ገቡ።

ልጃቸው ቁርስ ሳይበላ እየጠበቃቸው ነበር።