የዕድሩ ዕቃ ቤት

እንጅባራ ላይ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሳሠለጥን፣ "ሁሉን ነገር አንድ ፋይል ውስጥ አትዘርግፉ፤ ከፋፍላችሁ ጻፉ፤ አንዱ ፋይል የሚያስፈልገውን ከሌላው ይዋስ" እያልኩ ስመክር ሰነበትኩ። ላሳያቸው ብዬ የራሴን የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም የካርድና የቀጠሮ ብዬ ሁለት ፋይል አደረግኩት። ባስነሳው እምቢ አለ። ለካ ካርዱ ከቀጠሮው ይዋሳል፣ ቀጠሮውም መልሶ ከካርዱ፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ቆመዋል። ሠልጣኞቹ እያዩኝ በላብ ተጠመቅኩ።

ከግምጃ ቤት ከተማ ጤና ጣቢያ የመጡት የካርድ ክፍል ሠራተኛ እትዬ ብርቄ፣ ፊደል በአንድ ጣት እየፈለጉ የሚጽፉት፣ እጃቸውን አወጡ። "አይዞህ መምህር፣ ይሄ እኛንም ገጥሞናል። የላይ ሰፈር የዕድሩን ድንኳን፣ የታች ሰፈር ድስቱን ይዞ፣ ለቅሶ ሲሆን 'እነሱ ይቅደሙ' ስንባባል ለቀስተኛውን ዝናብ መታው።"

"ታዲያ ምን አደረጋችሁ?"

"የጋራውን ዕቃ ሁሉ ሌላ ቤት አስገባን። ሁለታችንም ከዚያ እንወስዳለን። ያ ቤት ግን ከማንም አይዋስም።"

ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ከዚያ የታካሚውን ስምና ቁጥር የሚይዘውን ክፍል ከሁለቱም አውጥቼ ሦስተኛ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፤ ሁለቱም ከእሱ እንዲዋሱ፣ እሱ ግን ከማንም እንዳይዋስ አደረግኩ። ሳስነሳው ያለ አንዳች ስህተት ሠራ። ፋይሉንም "ዕድር" አልኩት።

በመጀመሪያው ቀን እኚህን ሴት "ይከብድዎታል" ብዬ ልመልሳቸው ነበር እኮ!